ሙያና ዳኛው

አንድ ሰው እንጀራውን በአንድ ሥራ እየበላ፣ በተረፈችው ሰዓት ሌላ የእጅ ሥራ ቢይዝ፣ በዚያ በሁለተኛው ሥራ እውነተኛ ባለሙያ ሊሆን ይችላልን? ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው እንደ ቀላል ነገር ቈጥሮ በሁለት ቃል ይመልሰዋል። የዕለት ሠራተኛው፣ «አይችልም፤ ሙያ ዕድሜ ሙሉ የሚጠይቅ ነገር ነው፤ የእኛን መዶሻ የጨዋታ ዕቃ አታድርጉት» ይላል። በትርፍ ጊዜው የሚሠራው ደግሞ፣ «እችላለሁ፤ ፍቅር ካለ ሁሉ ይገኛል» ይላል። እኔ ሁለቱንም መልስ በየጊዜው ተቀብዬ፣ በየጊዜው ደግሞ ትቻቸዋለሁ። ዛሬ ግን በራሴ ላይ ከደረሰውና ከታሪክ ካነበብሁት አንድ ሐሳብ ስላገኘሁ፣ ለአንባቢ ላካፍለው ወደድሁ።

በወጣትነቴ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበርሁ። ቀን ደብዳቤ ስመዘግብ ውዬ፣ ከቢሮ መልስ በጓሮዬ ባቆምኋት ትንሽ ዳስ ውስጥ በፋኖስ ብርሃን እንጨት ስልግና ስቈርጥ አመሽ ነበር። ማንም አላስተማረኝም፤ አናጢዎች ሲሠሩ ቆሜ እያየሁ፣ መሣሪያውንም ከደመወዜ እየቈጠብሁ አንድ ባንድ እየገዛሁ ነው የጀመርሁት። ከዘመዶቼ አንዳንዶቹ፣ «የቀለም ሰው መጋዝ ይዞ ሲታይ ያሳፍራል» እያሉ ያሙኝ ነበር። እናቴ ግን ትደሰት ነበር። መጀመሪያ በርጩማ ሠራሁላት፤ አመሰገነችኝ። ቀጥሎ መደርደሪያ ሠራሁላት፤ ጐረቤት ጠርታ አሳየች። በሦስተኛው ዓመት ባለሙያ የሆንሁ መስሎኝ ከባሕር ዛፍ አልጋ ሠራሁላት።

አልጋው ለዐይን ያማረ ነበር። ነገር ግን የሠራሁት እንጨቱ ገና በቅጡ ሳይደርቅ ስለ ነበረ፣ በጋው ሲገባ እንጨቱ ተኰማተረ፤ የእግሩም ጫፍ በገባበት ቀዳዳ ውስጥ ላላ። እናቴ ይህን አውቃ አልነገረችኝም። አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከላላው እግር ሥር አስገብታ፣ የአልጋ ልብሱን እስከ መሬት አውርዳ ሸፈነችው። በጠየቅኋትም ቍጥር፣ «እንዳንተ አልጋ የሚመች የለም» ትለኝ ነበር። አንድ ሌሊት ግን እግሩ ፈጽሞ ወለቀና ወደቀች፤ የእጇም አንጓ ተሰበረ። ድንጋዩን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

አልጋውን አሸክሜ በሠፈራችን ወደ ነበሩ አንድ ሽማግሌ አናጢ ወሰድሁት። ገለበጡት፤ በጣታቸው መቱት፤ የወለቀውን እግር አንሥተው ጫፉን ትኵር ብለው አዩት። ከዚያም፣ «ልጄ፣ እጅህ መጥፎ አይደለም። ነገር ግን እስከ ዛሬ ሥራህን ያየልህ የሚወድህ ሰው ብቻ ነው። እኔ ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ማታ እስክዘጋ ድረስ የሚነቅፈኝ ሰው አጥቼ አላውቅም። እርጥብ እንጨት እንዳልነካ ያስተማረኝ ሥራውን ያሳየኝ አባቴ ሳይሆን፣ ዕቃውን መልሶ ያመጣብኝ ሰው ነው» አሉኝ።

ይህ ቃል ብዙ ዘመን በልቤ ኖረ። ስመረምረውም እንዲህ ሆኖ አገኘሁት። እንጀራውን በሙያው የሚበላ ሰው ፈለገም አልፈለገም ዳኛ አለው። ያላማረውን ዕቃ ገዢ ይመልስበታል፤ የሰነፈ እንደ ሆነ ደንበኛው ወደ ጐረቤቱ ሱቅ ይሄድበታል፤ በመጨረሻም ሆዱ ይፈርድበታል። በትርፍ ጊዜው የሚሠራው ግን ዋጋ ስለማይቀበል ነቃፊ የለውም። በነጻ የተሰጠን ዕቃ ማን ደፍሮ ይነቅፋል? ስለዚህ ዐሥር ዓመት ቢሠራ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ስሕተት ዐሥር ጊዜ ደግሞት ሊቀር ይችላል። ሰዎች ሁልጊዜ፣ «የሚያንሰው ሰዓት ነው» ይላሉ፤ እኔ ግን ከሰዓት ይልቅ የሚያንሰው ዳኛ ነው እላለሁ። እንግዲህ ጥያቄው ወደዚህ ይመለሳል፤ ገበያ የማይፈርድበት ሰው ለራሱ ሌላ ዳኛ አግኝቶ ሙያውን እስከ ጫፍ ያደረሰበት ጊዜ አለን?

ለዚህ መልስ የሚሆነኝ የመስተዋትና የመነጽር ሥራ ታሪክ ነው። ይህን የመረጥሁበት ምክንያት መስተዋት ሐሜትም ውዳሴም የማያውቅ ዕቃ ስለ ሆነ ነው። በደንብ የተሳለ እንደ ሆነ ያሳያል፤ ያልተሳለ እንደ ሆነ አያሳይም። ደግሞም በዚህ ሙያ ከታወቁት መካከል ሌላ የዕለት እንጀራ የነበራቸው ሰዎች ይገኙበታል። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው አንቶኒ ቫን ሌዌንሁክ ነው። በ1632 በሆላንድ አገር በዴልፍት ከተማ ተወለደ። ሥራው የጨርቅ ንግድ ነበር፤ በ1660 ደግሞ የከተማው ሹማምንት በሚሰበሰቡበት አዳራሽ ኃላፊነት ተቀጠረ። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ የዚያ ዘመን ሊቃውንት የሚጻጻፉበትንም የላቲን ቋንቋ አያውቅም ነበር። የጨርቅ ነጋዴዎች የክርን ጥራት በአጉሊ መነጽር መመርመር ልማዳቸው ነበር። እርሱ ግን በገበያ የሚገኘው ስላላረካው፣ የራሱን ሌንስ በራሱ እጅ መሥራት ጀመረ። መሣሪያው ለዐይን የሚያስደንቅ አይደለም፤ በሁለት ትንንሽ የብረት ሰሌዳዎች መካከል የተያዘች አንዲት ደቃቅ ሌንስ ብቻ ናት። ነገር ግን ተርፈው እስከ ዛሬ ከቈዩት መካከል እጅግ የበረታው አንድን ነገር 270 ጊዜ ያህል አጉልቶ ያሳያል። በዚያ ዘመን የሙያው ሰዎች የሚሠሩት ባለ ብዙ ሌንስ ማይክሮስኮፕ ግን ሲያጐላ ምስሉን ያደበዝዝ ነበር።

በ1673 ስለ ሥራው የጻፈው የመጀመሪያው ደብዳቤ ሮያል ሶሳይቲ ወደሚባለው የለንደን ሊቃውንት ማኅበር ደረሰ። በ1676 ደግሞ፣ በርበሬ በተዘፈዘፈበት ውሃ ውስጥና በሌላም ውሃ በዐይን የማይታዩ ሕያዋን ፍጥረታት እንዳየ ጻፈ። ይህን ለማመን የቸገራቸው ብዙዎች ነበሩ። አንባቢ ሆይ፣ የዚህን ሰው ጠባይ የምንለየው እዚህ ላይ ነው። ሌላ የትርፍ ጊዜ ሠራተኛ ቢሆን፣ «ምቀኞች ናቸው» ብሎ ዐርፎ በተቀመጠ፣ ጐረቤቶቹም ባጽናኑት ነበር። ሌዌንሁክ ግን በ1677 ቄሶች የሚገኙባቸውን 8 የታመኑ ሰዎች ጠርቶ በመሣሪያው አሳያቸውና ያዩትን በጽሑፍ እንዲመሰክሩ አደረገ። በለንደንም የማኅበሩ የሙከራ ኃላፊ ሮበርት ሁክ መጀመሪያ ሞክሮ ሳያይ ቀረ፤ መሣሪያውን አሻሽሎ እንደ ገና ሲሞክር ግን በዚያው ዓመት መጨረሻ ነገሩ እውነት ሆኖ አገኘው። በ1680 ጨርቅ ነጋዴው የማኅበሩ አባል ሆኖ ተመረጠ። ከዚያም በ90 ዓመቱ በ1723 እስኪሞት ድረስ መጻፉን አላቋረጠም። ከመጀመሪያው ደብዳቤ እስከ መጨረሻው 50 ዓመት ያህል መሆኑ ነው።

ሆኖም አንድ ጕድለት ነበረበት። ጥሩ ጥሩ ሌንሶቹን እንዴት እንደሚሠራ ለማንም አልገለጠም፤ ደቀ መዝሙርም አላወጣም። በ2021 የሆላንድ ተመራማሪዎች መሣሪያውን ሳይፈቱ በኒውትሮን ጨረር ውስጡን ሲመረምሩ፣ እጅግ የበረታው ሌንስ ከቀለጠ የመስተዋት ክር የተሠራ ትንሽ ድብልብል ሆኖ ተገኘ። ይህንንም ዘዴ ሁክ አስቀድሞ በ1665 በመጽሐፍ አሳትሞት ነበር። እንግዲህ ምስጢሩ ማንም የማያውቀው ጥበብ አልነበረም፤ ብልሃቱ አንዱን ሠርቶ፣ አይቶ፣ ጥሎ፣ እንደ ገና መሥራት ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ የሁለት ሰዎች ነው፤ አንዱ ጠበቃ፣ ሁለተኛው ሸማኔ። በቴሌስኮፕ ሌንስ ውስጥ የሚያልፍ ብርሃን ወደ ቀለማት ስለሚለያይ፣ የሚታየው ኮከብ ዙሪያውን እንደ ቀስተ ደመና ቀለም ይለብስ ነበር። ታላቁ ኒውተን ይህ ጕድለት በሌንስ ሊወገድ እንደማይችል ስላመነ፣ ብዙዎች እርሱን አምነው ተስፋ ቈርጠው ነበር። ቼስተር ሙር ሆል የሚባል እንግሊዛዊ ጠበቃ ግን በ1729 ገደማ ሁለት ዓይነት መስተዋት ቢጣመሩ አንዱ የሌላውን ቀለም እንደሚያጠፋ አሰበ። ምስጢሩ እንዳይታወቅበት አንደኛውን ሌንስ ለአንድ ሱቅ፣ ሁለተኛውን ለሌላ ሱቅ አዘዘ። እንደሚተረከው፣ ሁለቱም ሱቆች ሥራ በዝቶባቸው ስለ ነበረ ሥራውን ጆርጅ ባስ ለሚባል ለአንድ መስተዋት ሳይ ሰጡት። ባስም ሁለቱ ሌንሶች የአንድ ሰው መሆናቸውን ተረድቶ፣ ደራርቦ ቢያይባቸው ቀለሙ ጠፍቶ አገኘ። ሆል ቴሌስኮፑን ካሠራ በኋላ ነገሩን አሳትሞ አላወጣውም፤ ማንም እንዲመረምረው አልሰጠም።

ጆን ዶሎንድ ደግሞ በ1706 በለንደን በስፒታልፊልድስ ሠፈር የተወለደ ሐር ሸማኔ ነበር። ቀን በሸማው ዕቃ ላይ ተቀምጦ ይውላል፤ በተረፈው ሰዓት ሒሳብና የብርሃንን ነገር ይማራል። ልጁ ፒተር በ1750 የመነጽር ሱቅ ከፈተ፤ አባትየውም በ1752 ሽመናውን ትቶ ከልጁ ጋር ገባ። የዚህ ሰው ታላቅነት የሚታየው በቀጠለው ነገር ነው። በ1753 ኦይለር የሚባለው የሒሳብ ሊቅ የኒውተንን ቃል ቢጠራጠር፣ ዶሎንድ ለኒውተን ጠበቃ ሆኖ በጽሑፍ ተከራከረ። ነገር ግን ክርክሩን አሸንፌያለሁ ብሎ አልተቀመጠም፤ ራሱ ውሃና መስተዋት እያጋጠመ በ1757 ሲሞክር፣ ኒውተንም እርሱም ተሳስተው አገኛቸው። በ1758 ይህንኑ ለሊቃውንቱ ማኅበር አስታወቀ፤ ማኅበሩም ኮፕሊ የተባለውን ሜዳሊያ ሸለመው፤ የፈጠራ መብትም አገኘ።

ዶሎንድ በ1761 ከሞተ በኋላ ሌሎች መነጽር ሠሪዎች፣ «ይህን ከእርሱ በፊት ሆል ሠርቶታል» ብለው መብቱን ተቃወሙ። ነገሩ በ1766 ፍርድ ቤት ቀረበ። ፍርድ ቤቱም ሆል ቀዳሚ መሆኑን ሳይክድ፣ መብት የሚገባው ፈጠራውን በሣጥኑ ቈልፎ ላኖረው ሰው ሳይሆን ለሕዝብ ጥቅም ላወጣው ሰው ነው ሲል ለዶሎንድ ወገን ፈረደ። እኔ ይህን ፍርድ ሳነብ የእናቴ ድንጋይ ትዝ አለኝ። ሆል ሥራውን ከሰው ሸሸገ፤ እናቴ የሥራዬን ጕድለት ከእኔ ሸሸገች። በሁለቱም በኩል የቀረው ዳኝነት ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ዊልያም ሄርሸል ነው። በ1738 በጀርመን አገር በሀኖቨር ተወለደ፤ በወታደር ሙዚቃ ጓድ ውስጥ ኦቦ የሚባለውን መሣሪያ ይነፋ ነበር። በ1757 ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ፣ በ1766 ባዝ በምትባል ከተማ በአንድ የጸሎት ቤት ኦርጋን መቺ ሆነ። ቀን ለባለጠጎች ልጆች ሙዚቃ ያስተምራል፤ ማታ በሙዚቃ ዝግጅት ላይ ይገኛል፤ ለሰማይ የቀረችው ከዚያ ወዲያ ያለችው ሌሊት ብቻ ነበረች። በ1773 በ34 ዓመቱ ስለ ከዋክብት የተጻፈ መጽሐፍ ገዝቶ አነበበ። ትልቅ ቴሌስኮፕ ለመግዛት ቢጠይቅ ከአቅሙ በላይ ሆነበት። በዚያው ከተማ መስተዋት መሳልን በትርፍ ጊዜው ይሠራ የነበረ አንድ ሰው ሥራውን ሲተው፣ ሄርሸል ዕቃዎቹን ገዛውና ጀመረ።

የእርሱ ቴሌስኮፕ በሌንስ ሳይሆን በጐድጓዳ መስተዋት ብርሃንን የሚሰበስብ ዓይነት ነበር። በዚያ ዘመን ይህ መስተዋት የሚሠራው መዳብና ቆርቆሮ ተቀላቅሎ ከሚቀልጥ ብረት ነው። ብረቱ ከፈሰሰ በኋላ በሸካራ ነገር ተፍቆ ቅርጹን ይይዛል፤ ከዚያም በቅጥራን ላይ እየታሸ ይወለወላል። በዚህ በመጨረሻው ሥራ ላይ እጅ ካቋረጠ ቅርጹ ይበላሻል። እኅቱ ካሮሊን በ1772 ዘፋኝ ልትሆን ከሀኖቨር መጥታ ከእርሱ ጋር ትኖር ነበር። እርስዋ እንደ ጻፈችው፣ አንድ ጊዜ እጁን ከመስተዋቱ ላይ ሳያነሣ 16 ሰዓት ሠርቷል፤ እርስዋም እየጐረሰች ሳይሆን እያጐረሰችው፣ ሲሰለቸውም መጽሐፍ እያነበበችለት ቈየች። የእንግዳ መቀበያው ክፍል የአናጢ ቤት ሆነ፤ የመኝታ ክፍሉም የብረት መሞረጃ ቤት ሆነ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ትጋቱን ለማመስገን ብቻ አይደለም። ትጋት ብቻውን አልጋ ሲሰብር አይቻለሁና። ሄርሸል ከትጋቱ ጋር የማያደላ ዳኛ ነበረው፤ እርሱም ኮከብ ነው። ኮከብ እጅግ ሩቅ ስለ ሆነ በመልካም መስተዋት ሲታይ እንደ መርፌ ጫፍ ያለች የብርሃን ነጥብ ሆኖ መታየት አለበት። መስተዋቱ ከፀጕር እጅግ በቀጠነ ልክ እንኳ የተዛባ እንደ ሆነ ኮከቡ ጭራ ያወጣል፣ ወይም ይደበዝዛል። ሄርሸል መስተዋቱን ሠርቶ ወደ ሰማይ ያቀናል፤ ኮከቡ የተበላሸ እንደ ሆነ መስተዋቱን አውርዶ እንደ ገና ይስላል። በ1795 ራሱ እንደ ጻፈው፣ እስከዚያ ድረስ ለ7 ጫማ ቴሌስኮፕ የሚሆኑ ከ200 ያላነሱ፣ ለ10 ጫማ የሚሆኑ 150፣ ለ20 ጫማ የሚሆኑ 80 ያህል መስተዋቶች ሠርቶ ነበር።

በ1781 መጋቢት 13 ቀን ሌሊት፣ ገና የሙዚቃ መምህር ሳለ፣ በራሱ በሠራው በ7 ጫማው ቴሌስኮፕ ከዋክብትን ተራ በተራ ሲመረምር አንዱ እንደ ነጥብ ሳይሆን እንደ ትንሽ ክብ ሆኖ ታየው። አጉልቶ ቢያየው ክቡ ሰፋ፤ ሌሎቹ ከዋክብት ግን እንደዚያ አልሰፉም። ጅራታም ኮከብ መስሎት ለሊቃውንት አስታወቀ። የሒሳብ ሊቃውንት መንገዱን ቢቈጥሩት ግን ፀሐይን በ84 ዓመት የሚዞር፣ ከጥንት ጀምሮ ማንም ያላወቀው ፕላኔት ሆኖ ተገኘ፤ ኡራኑስ ተባለ። የሚያስገርመው፣ ይህን ፕላኔት ከእርሱ በፊት ያዩት ነበሩ። የእንግሊዝ ንጉሥ የመጀመሪያው የከዋክብት ተመልካች ፍላምስቲድ በ1690 አይቶ ከከዋክብት ጋር መዝግቦታል። የፈረንሳዩ ለ ሞኒዬም ከ1750 እስከ 1769 ባለው ጊዜ 12 ጊዜ ያህል አይቶት እንደ ኮከብ አልፎታል። እነዚህ ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም፤ መንግሥት የሚያከብራቸው የሙያው አለቆች ነበሩ። ነገር ግን መሣሪያቸው ነጥብንና ክብን አልለየላቸውም። የለየው የኦርጋን መቺው መስተዋትና፣ በዚያ መስተዋት ሌሊት ሌሊት የሠለጠነው ዐይኑ ነው።

ቢሆንም ሁሉ አላመነውም። ቴሌስኮፑ ይህን ያህል ያጐላል ሲል የማይታመን ነገር የሚናገር ሰው መሰለ። ስለዚህ በ1782 መሣሪያውን ይዞ ግሪኒች ወደሚገኘው የንጉሥ የከዋክብት መመልከቻ ቤት ሄደ፤ በዚያም ከቤቱ ቴሌስኮፖች ጋር ጐን ለጐን ተፈተነ። የቤቱ አለቃ ማስክሊን ራሱ አይቶ፣ የሙዚቃ መምህሩ መሣሪያ እንደሚበልጥ ተገነዘበ። በዚያው ዓመት ንጉሡ 200 ፓውንድ የዓመት ደመወዝ ቈረጠለትና ሙዚቃውን ተወ። እንግዲህ ከ1773 እስከ 1782 ዘጠኝ ዓመት የትርፍ ጊዜ ሠራተኛ ነበረ፤ ስሙን ያስጠራውም ሥራ የተሠራው በእነዚያ ዓመታት ነው።

ውድቀቱንም መደበቅ አይገባም። በዚያው በ1781 ነሐሴ ወር ከቤቱ ምድር ቤት እጅግ ትልቅ መስተዋት ለማፍሰስ ሞከረ። ቅርጽ ማውጫውን የሠሩት ከፈረስ ፋንድያ ከተዘጋጀ ጭቃ ነው፤ ፋንድያውን ካሮሊን ሳትቀር ወቅጣ ነፍታዋለች። የመጀመሪያው መስተዋት ሲበርድ ተሰነጠቀ። በሁለተኛው ጊዜ የቀለጠው ብረት ወለሉ ላይ ፈሰሰ፤ የወለሉም ድንጋይ በሙቀቱ እየፈነዳ ወደ ጣሪያ ሲወረወር ሁሉም ሮጠው አመለጡ። ሄርሸልም አቅሙን ዐውቆ ያን ሐሳብ ለጊዜው አቈየው። በሌላም ነገር ተሳስቷል፤ በ1798 በኡራኑስ ዙሪያ አየሁ ካላቸው ጨረቃዎች አራቱ የሉም። ባለሙያ መሆን አለመሳሳት አይደለም፤ ስሕተቱን የሚያይለት ነገር አጠገቡ መኖሩ ነው። ካሮሊንም ቢሆን ለዘፋኝነት መጥታ፣ ከወንድሟ በቁርስ ሰዓት ሒሳብ እየተማረች፣ በ1786 የመጀመሪያዋን ጅራታም ኮከብ አገኘች። በ1787 የ50 ፓውንድ የዓመት ደመወዝ ተቈረጠላት፤ በጠቅላላውም 8 ጅራታም ከዋክብት አገኘች።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንባቢ፣ «እንግዲያስ የትርፍ ጊዜ ሠራተኛ ከዕለት ሠራተኛ ይበልጣልን?» ብሎ ሊጠይቀኝ ይችላል። አላልሁም። የሆልን ሐሳብ በመስተዋት ላይ ያዋለው የባስ እጅ ነው፤ ባስም በዚህ ሥራ ይኖር የነበረ የዕለት ሠራተኛ ነው። ሄርሸልም በ1789 የፈጸመውን የ40 ጫማ ቴሌስኮፕ የሠራው ብዙ ሠራተኞች ቀጥሮ ነው። አንድ ጥሩ ዕቃ መሥራት አንድ ነገር ነው፤ መቶውን ዕቃ በቀጠሮው ቀን፣ በተስማሙበት ዋጋ፣ ሲታመሙም ሲያዝኑም ሳያበላሹ መሥራት ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ ሁለተኛው የዕለት ሠራተኛው ክብር ነው፤ በማታ ሰዓት አይገኝም። ደግሞም ስሕተቱ የሌላ ሰው ነፍስ የሚያስከፍል ሙያ፣ እንደ ቀዶ ጥገና ያለው፣ በመዝናኛ ሊያዝ አይገባውም። የትርፍ ጊዜ ሠራተኛው ያለው ብልጫ ደግሞ ችኰላ የሌለበት መሆኑ ነው። ዕቃውን አበላሽቶ ቢጥለው ልጆቹ አይራቡም፤ ማንም ያልጠየቀውን ነገር እስከ መጨረሻው ሊከተል ይችላል። ሌዌንሁክም ሄርሸልም የተጠቀሙበት ይህን ነጻነት ነው። ነገር ግን ዳኛ የሌለው ነጻነት ልጅን እንደሚያበላሽ ሁሉ እጅንም ያበላሻል።

ስለዚህ ለጥያቄው የምሰጠው መልስ ይህ ነው። በትርፍ ጊዜው የሚሠራ ሰው እውነተኛ ባለሙያ ሊሆን ይችላል፤ ይሁን እንጂ ለዕለት ሠራተኛው ሳይጠራው የሚመጣውን ዳኛ እርሱ ራሱ ሄዶ ሊጠራው ያስፈልጋል። ሌዌንሁክ የማያምኑትን ሰዎች ዳኛ አደረገ፤ ዶሎንድ የራሱን ሙከራ በራሱ ክርክር ላይ ዳኛ አደረገ፤ ሄርሸል ኮከብንና ግሪኒችን ዳኛ አደረገ። ከእነዚህ አንዱም ከቤተ ሰቡ በሚሰማው ምስጋና አልቆመም።

እኔም በበኩሌ እናቴ እጇ ከዳነ በኋላ ሌላ አልጋ ልሠራላት ተነሣሁ። እንጨቱን ገዝቼ ከጣሪያ በታች ሁለት ዓመት አደረቅሁት። ሠርቼ ስጨርስ ወደ ቤት ከማስገባቴ በፊት ወደ ሽማግሌው አናጢ ወሰድሁት። ሁለት ነውር አገኙበት፤ መልሼ አፈረስሁት። እንደ ገና ወሰድሁት፤ አንድ ነውር አገኙበት፤ ደግሞ አፈረስሁት። በሦስተኛው ጊዜ ምንም አልተናገሩም። በሁለት እጃቸው ይዘው ነቀነቁት፤ ከዚያም፣ «በል ውሰደው፤ ሰው ይተኛበት» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እናቴ እንደ ልማዷ አመሰገነችኝ። እኔ ግን በየበጋው ልጠይቃት ስሄድ፣ ከሰላምታው በኋላ ጐንበስ ብዬ የአልጋ ልብሱን እያነሣሁ እግሮቹን ሳላይ አልተመለስሁም። እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ ከሥራቸው ድንጋይ አላገኘሁም።

አንባቢ ሆይ፣ አንተም በማታ ሰዓትህ የያዝኸው ሥራ ያለህ እንደ ሆነ፣ ስፌት ይሁን፣ ጽሕፈት ይሁን፣ ንብ ማርባት ይሁን፣ አትተወው፤ አትፈርበትም። ነገር ግን የሠራኸውን ይዘህ፣ ለፊትህ ወደማያደላ ሰው አንድ ቀን ሂድ።